ፕላዝሚድ ላይ አንዲት ፊደል መቀየር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ ሰው

ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ፕሌቷን (ባክቴሪያ የሚበቅልበትን ሳህን) ይዛ መጣች። ከ200 በላይ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) በቅሎበታል። «ጋሼ፣ ይዟል!» አለችኝ፤ ፊቷ በርቷል። ዩቪ መብራት ሥር አስገባነው። ሁሉም አረንጓዴ አበሩ። እኛ የፈለግነው ሰማያዊ ነበር፤ አንዲቷ የዲኤንኤ ፊደል ከተቀየረች የሚታየው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ኮሎኒ አንዱም አልተቀየረም።

«አብሽሪ» አልኳትና ከመጀመሪያው ጀምረን አንድ በአንድ ተመለስንበት። ፒሲአሩ (ዲኤንኤን በማሽን ማባዛቱ) ደህና ነው። ሴሎቹም ደህና ናቸው። ስህተቱ የተሠራው ፒሲአር ከመጀመሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር፤ ፕላዝሚዱ የሚባዛበት ባክቴሪያ ሲመረጥ። ምን እንደነበረ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእሷና ለመሰሎቿ ነው። እኛ ጋ አንድ ኢንዛይም ታዞ እስኪመጣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በበረዶ ሣጥን ይጓዛል። ስለዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ) የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ በወረቀትና በእርሳስ መጨረስ አለበት። ፒፔት የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ፕላዝሚድ ባክቴሪያ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ነው። እኛ የምንፈልገው ከሺዎቹ ፊደሎች (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ) መካከል አንዷን፣ እኛ በመረጥነው ቦታ ላይ መቀየር ነው።

ይህን መንገድ የከፈቱት ማይክል ስሚዝና ባልደረቦቹ ናቸው። ሥራቸውን በ1978 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አጭር ዲኤንኤ፣ ማለትም ፕራይመር፣ ሆን ተብሎ አንድ ፊደል ተሳስቶ ይሠራል። ፕራይመሩ አንዷ ፊደል ባትገጥምለትም በቀሩት ፊደሎች ቦታውን አግኝቶ ይቀመጣል። ፖሊመሬዝ (ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ከፕራይመሩ ተነስቶ ሲገለብጥ የተሳሳተችው ፊደል አዲሱ ቅጂ ውስጥ ትቀራለች። ስሚዝ በ1993 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተካፈለው ፒሲአርን ከፈጠረው ከካሪ ሙሊስ ጋር ነበር። ዛሬ የሁለቱን ሥራ አንድ ቱቦ ውስጥ ነው የምንጠቀመው።

ለምሳሌ የምወስደው ጂኤፍፒን ነው። ከጄሊፊሽ የተገኘ፣ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ነው። 66ኛው አሚኖ አሲዱ (የፕሮቲን መገንቢያው) ታይሮሲን ነው። እሱን ወደ ሂስቲዲን ብንቀይረው ብርሃኑ ሰማያዊ ይሆናል። በተፈጥሮው ጂን ላይ ቦታው እንዲህ ይነበባል (ሦስት ሦስቱ ፊደል ኮዶን ይባላል፤ አንድ አሚኖ አሲድ ያዛል)፦

ቲቲሲ ቲሲቲ ቲኤቲ ጂጂቲ

ከለውጡ በኋላ፦

ቲቲሲ ቲሲቲ ሲኤቲ ጂጂቲ

አንዲት ቲ ወደ ሲ ተቀየረች፤ በቃ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። ውጤቱ በዓይን ይታያል፣ የሚጎዳ ነገር የለውም፣ ቢበላሽም የት እንደተበላሸ ይነግራችኋል።

አንድ ማሳሰቢያ። እጃችሁ ላይ ያለው ኢጂኤፍፒ የሚባለው ለሰው ሴል የተስተካከለው ጂን ከሆነ ያ ኮዶን ቲኤቲ ሳይሆን ቲኤሲ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ፕላዝሚድ ሙሉ ፊደል ሳታነቡ ፕራይመር አትዘዙ። ጓደኛ በሰጣችሁ ፋይል ብቻም አትመኑ። ከተቻለ ቦታውን መጀመሪያ ሴኩዌንስ አስደርጉት፤ ፊደሎቹን በመሣሪያ አስነብቡት ማለት ነው።

ጠረጴዛ ላይ የሚያልቀው ሥራ

መጀመሪያ ካርታውን አውጡ። ፕላዝሚዱ ስንት ቤዝ (ፊደል) ነው? የትኛውን አንቲባዮቲክ ይቋቋማል? ለውጡ የሚደረግበት ቦታ ዙሪያ ምን ፊደሎች አሉ? እኔ እዚህ 5,400 ቤዝ ገደማ የሆነ፣ አምፒሲሊን የሚቋቋም ፕላዝሚድ እንዳለን አድርጌ እቆጥራለሁ።

ቀጥሎ መንገድ መምረጥ ነው። በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የድሮው መንገድ ነው። ሁለቱ ፕራይመሮች ሙሉ በሙሉ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ናቸው። ከ25 እስከ 45 ቤዝ ይረዝማሉ። ለውጡ መሃል ላይ ይሆናል፤ በግራና በቀኝ ከ10 እስከ 15 ትክክለኛ ፊደል ይኖረዋል። የመቅለጫ ሙቀታቸው (ከፕላዝሚዱ የሚላቀቁበት ሙቀት) 78 ዲግሪና ከዚያ በላይ እንዲሆን ይመከራል። የዚህ መንገድ ደካማ ጎን ፕራይመሮቹ ከፕላዝሚዱ ይልቅ እርስ በርሳቸው መጣበቅን መውደዳቸው ነው። ከዚህም ሌላ አዲሶቹ ቅጂዎች ራሳቸው እንደገና አይገለበጡም። ምርቱ በየዙሩ እጥፍ እየሆነ አያድግም፤ ጥቂት ጥቂት ብቻ ይጨመራል።

ሁለተኛው መንገድ ፕራይመሮቹን ጀርባ ለጀርባ ማድረግ ነው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይሄዳል፤ መነሻቸው ግን ጎን ለጎን ነው። ለውጡን አንደኛው ፕራይመር ብቻ ይሸከማል። ከለውጡ በኋላ፣ ወደ ሦስት-ፕራይም ጫፍ (ፖሊመሬዙ ማስረዘም ወደሚጀምርበት) ቢያንስ 10 ትክክለኛ ፊደል መኖር አለበት። ሁለቱ ፕራይመሮች ስለማይደራረቡ እርስ በርስ አይያዙም። ምርቱም እንደማንኛውም ፒሲአር እጥፍ እየሆነ ያድጋል። የሚወጣው ግን ቀጥ ያለ ዲኤንኤ ነው። በኋላ ጫፎቹን አገናኝቶ ክብ ማድረግ ያስፈልጋል።

እኛ አካባቢ ላለ ሰው ሁለተኛውን እመክራለሁ። ምክንያቴ የመብራትና የሴል ጉዳይ ነው። በድሮው መንገድ ዘገምተኛው ፒፉ ፖሊመሬዝ ለአንድ ኪሎቤዝ (1,000 ቤዝ) እስከ 2 ደቂቃ ይፈልጋል። 5,400 ቤዝ ማለት በአንድ ዙር 11 ደቂቃ ገደማ ነው። 18 ዙር ሲሆን ማስረዘሚያው (ፖሊመሬዙ የሚገለብጥበት ጊዜ) ብቻ 3 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይወስዳል። በእኛ ከተማ ሦስት ሰዓት ሙሉ መብራት አይጠፋም ብሎ መወራረድ ከባድ ነው። እንደ ኪው5 ወይም ፊውዥን ያሉት ፈጣን ፖሊመሬዞች ለአንድ ኪሎቤዝ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃቸዋል። ለእኛው ፕላዝሚድ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይሆናል። 25 ዙር ቢሆንም ማስረዘሚያው አንድ ሰዓት አይሞላም። ደግሞ ምርቱ ብዙ ስለሆነ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ፣ እምብዛም ያልጠነከረ የባክቴሪያ ሴል እንኳ ይቀበለዋል።

አሁን ፕራይመሩን ጻፉ። ጫፉ ላይ ጂ ወይም ሲ ቢሆን ይመረጣል። የጂና የሲ ድርሻ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይሁን። በራሱ ላይ የሚታጠፍ ቅደም ተከተል እንዳለው ተመልከቱ። የመቅለጫ ሙቀቱን የምታሰሉት ከለውጡ በኋላ ባለው፣ በትክክል በሚገጥመው ክፍል ነው። ፖሊመሬዙን የሚሠራው ድርጅት ማስሊያ ካለው በዚያው ተጠቀሙ፤ ጨዎቹ ስለሚለያዩ የሌላ ማስሊያ ቁጥር ያሳስታል።

ከዚያ አንድ ነገር አድርጉ፤ እለምናችኋለሁ። ፕራይመሩን በእጃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና ከፕላዝሚዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። የግራውን ፕራይመር ገልብጣችሁ፣ ተቃራኒውን ፊደል (ኤ ለቲ፣ ጂ ለሲ) አድርጋችሁ አንብቡት። ኮዶኖቹን በሦስት በሦስት ቁጠሩ። አንድ ፊደል ከጎደለ ንባቡ ሁሉ ይናዳል። ሌላ ሰው እንዲያይላችሁም ስጡ። የራስን ስህተት ዓይን አያይም።

የመቁረጫ ምልክት መጨመር

ሴኩዌንሲንግ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ናሙናው ወጥቶ እስኪመለስ መጠበቅም አለ። ስለዚህ የትኛው ኮሎኒ እንደተቀየረ እዚሁ በርካሽ መለየት ብንችል ጥሩ ነው። መንገዱ ይህ ነው። አሚኖ አሲዱን የማይቀይር አንድ ተጨማሪ ፊደል ትቀይራላችሁ። በእሱ ምክንያት አዲስ የመቁረጫ ኢንዛይም ቦታ ይፈጠራል ወይም የነበረው ይጠፋል። በኋላ ፕላዝሚዱን በዚያ ኢንዛይም ቆርጣችሁ ጄል (ቁራጮችን በርዝመት የሚለይ ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ ታዩታላችሁ።

በእኛ ምሳሌ አንድ የሚያጓጓ ነገር አለ። ከሂስቲዲኑ በፊት ያለው ሴሪን ቲሲቲ ነው። ቲሲሲ ብናደርገውም ሴሪንነቱ አይቀየርም። ያኔ ቲሲሲ ሲኤቲ ጂጂቲ ይሆናል። መሃሉን ስታዩት ሲሲኤቲጂጂ ወጣ፤ ኤንኮ-ዋን የሚቆርጠው ቦታ ማለት ነው። ያምራል አይደል? ግን የተፈጥሮው ጂን ከዚያ 29 ቤዝ ቀደም ብሎ ሌላ የኤንኮ-ዋን ቦታ አለው። ሁለቱ ሲቆረጡ መሃላቸው የሚወጣው 29 ቤዝ ብቻ ነው። ያን የሚያህል ቁራጭ አጋሮዝ ጄል ላይ አይታይም። ትልቁ ቁራጭ ላይም ልዩነቱ አይለይም። ስለዚህ ለዚህኛው ምልክቱን ተዉትና በቀለሙ ለዩ። ለራሳችሁ ጂን ስትሠሩ ግን የፈጠራችሁት ቦታ ከሌሎቹ ቢያንስ በጥቂት መቶ ቤዝ መራቁን ካርታው ላይ አረጋግጡ።

ከፍታውን አትርሱ

ይህን ክፍል ከውጭ በሚመጡ መመሪያዎች ውስጥ አላየሁትም። እኛን ግን በየቀኑ ይነካናል።

ደሴ በግምት 2,500 ሜትር ላይ ናት። ኮምቦልቻ፣ ሐረጎን ወርደን፣ 1,850 ገደማ ትሆናለች። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። ደሴ ላይ የባቄላ ንፍሮ ለምን እንደሚዘገይ ማንኛዋም እናት ታውቃለች። አውቶክሌቭም (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ድስት) ያው ንፍሮ ነው።

መመሪያው «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ» ይላል፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። የእኛ አየር ቀለል ያለ ስለሆነ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 121 አልደረሰም። ደሴ ላይ 4 ፒኤስአይ ገደማ መጨመር አለበት፤ 19 አካባቢ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ 3 ያህል ጨምሩ፤ 18 ይሆናል። መሣሪያው ያንን ግፊት የሚፈቅድ መሆኑን ግን መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ አንብቡ። የማይፈቅድ ከሆነ ግፊቱን አትንኩ፤ ጊዜውን አርዝሙ። ሙቀቱን በራሱ የሚለካ ዲጂታል አውቶክሌቭ ካላችሁ ይህ ጭንቀት የለም። በሁለቱም መንገድ አመልካች ቴፕ (ሙቀት ሲያገኝ ቀለሙ የሚቀየር) ለጥፉ።

ሁለተኛው ነገር ፒሲአር ቱቦ ነው። ፒሲአር እስከ 98 ዲግሪ ይሞቃል። በእኛ ከፍታ ያ ከመፍያ ነጥብ በላይ ነው። ክዳኑ በደንብ ካልተጫነ ውሃው ተኖ ያልቃል። የማሽኑ ክዳን መሞቁንና ቱቦውን አጥብቆ መጫኑን አረጋግጡ። ቱቦዎቹ ጥቂት ከሆኑ ማዕዘኖቹ ላይ ባዶ ቱቦ ጨምሩ፤ ክዳኑ እኩል እንዲያርፍ።

ሦስተኛው «የክፍል ሙቀት» የምትለዋ ቃል ናት። መመሪያ ላይ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ደሴ ላይ ቤተ ሙከራው ከዚያ በጣም ይወርዳል። ሊጌዝ (የዲኤንኤ ጫፎችን የሚያገናኝ ኢንዛይም) የሚገባበትን ሥራ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ፒሲአር ማሽኑን 25 ዲግሪ ላይ አቁማችሁ እዚያ አስቀምጡት።

ፒሲአሩ

ፕራይመሩ ደርቆ ነው የሚመጣው። ቱቦውን ከመክፈታችሁ በፊት ሴንትሪፊዩጅ አድርጉት፤ ዱቄቱ ክዳኑ ላይ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለውን የናኖሞል ቁጥር በ10 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር የምትጨምሩት ማይክሮሊትር ነው፤ 100 ማይክሮሞላር ይሆናል። ከሱ 10 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ በ90 ውሃ አቅጥኑ። ይህ 10 ማይክሮሞላሩ የሥራ ቅጂ ነው። ዋናውን መልሳችሁ አቀዝቅዙ።

ለ25 ማይክሮሊትር እንዲህ ይቀላቀላል፦

ባለ ሁለት እጥፍ ማስተር ሚክስ (ፖሊመሬዙና ሌላው ሁሉ የተቀላቀለበት)፣ 12.5 ማይክሮሊትር
የቀኝ ፕራይመር፣ 1.25 ማይክሮሊትር
የግራ ፕራይመር፣ 1.25 ማይክሮሊትር
ፕላዝሚድ፣ 1 ማይክሮሊትር (ከ1 እስከ 25 ናኖግራም)
ንጹሕ ውሃ፣ 9 ማይክሮሊትር

ፕላዝሚድ አታብዙ። ብዙዎች «ብዙ ባደርግ ብዙ ይወጣል» ይላሉ። ተቃራኒው ነው። የገባው ፕላዝሚድ ሁሉ በኋላ መጥፋት ያለበት ነው። በበዛ ቁጥር ያልተቀየረ ኮሎኒ ይበዛባችኋል።

ሙቀቱ ይህ ነው። መጀመሪያ 98 ዲግሪ ለ30 ሰከንድ። ቀጥሎ 25 ዙር፤ በየዙሩ 98 ዲግሪ ለ10 ሰከንድ፣ ፕራይመሩ የሚይዝበት ሙቀት ለ20 ሰከንድ፣ ከዚያ 72 ዲግሪ ለ2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። መጨረሻ ላይ 72 ዲግሪ ለ2 ደቂቃ። ኪው5 ከሆነ መያዣው ሙቀት ከመቅለጫው 3 ዲግሪ ከፍ ይላል። አካባቢው ጂና ሲ የበዛበት ከሆነ 3 በመቶ ዲኤምኤስኦ (የተጣበቀ ዲኤንኤ እንዲላላ የሚረዳ ፈሳሽ) ጨምሩ።

ተራ ታክ ፖሊመሬዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስህተቱን አያርምም። ጫፍ ላይ ደግሞ ትርፍ ኤ ይጨምራል፤ ጀርባ ለጀርባ ሲገናኝ ያቺ ኤ ንባቡን ትሰብረዋለች።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ አትደንግጡ። 20ኛው ዙር ካለፈ ምናልባት በቂ ምርት አለ። አውጥታችሁ በረዶ ላይ አድርጉትና 5 ማይክሮሊትር በ1 በመቶ አጋሮዝ ላይ አስሩጡ። በ5,400 አካባቢ አንድ ጥርት ያለ መስመር ካያችሁ ቀጥሉ። ገና በአምስተኛው ዙር ከጠፋ ግን ቱቦውን ጥላችሁ እንደገና ጀምሩ።

አሮጌውን ማጥፋት

የተማሪዋ ታሪክ እዚህ ነው የሚገባው።

ቱቦው ውስጥ አሁን ሁለት ዓይነት ዲኤንኤ አለ። አዲሱ በፒሲአር የተሠራው ነው። አሮጌው እኛ ያስገባነው ፕላዝሚድ ነው። አሮጌው ካልጠፋ ባክቴሪያው በደስታ ይቀበለዋል፤ ክብ ስለሆነ እንዲያውም ከአዲሱ ይልቅ ይቀለዋል።

የሚለያቸው ምልክት አለ። ዳም የሚባል ኢንዛይም ያላቸው የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ጂኤቲሲ ባለበት ቦታ ሁሉ ኤ የምትባለዋን ፊደል በሜቲል ያትሟታል። ዲፒኤን-ዋን የሚባለው መቁረጫ ኢንዛይም የሚቆርጠው ይህ ማኅተም ያለበትን ጂኤቲሲ ነው። በፒሲአር የተሠራው ዲኤንኤ ማኅተም የለውም፤ ስለዚህ ይተርፋል። ጂኤቲሲ በአማካይ በ256 ቤዝ አንድ ጊዜ ይገኛል። የእኛ ፕላዝሚድ ላይ ወደ 20 ቦታ ይመጣል ማለት ነው። አሮጌው ይከታተፋል።

ተማሪዋ ፕላዝሚዷን ያባዛችው ጄኤም110 በሚባል ዝርያ ነበር። ያ ዝርያ ዳም የለውም። ማኅተም የለም፤ ዲፒኤን-ዋን የሚነካው ነገር አላገኘም። 200ውም ኮሎኒ የአሮጌው ፕላዝሚድ ነበር። ከዚያ በኋላ በዲኤች5 አልፋ አባዝታ ስትደግመው ሰማያዊው መጣ። ስለዚህ ፕላዝሚዳችሁ ከዲኤች5 አልፋ፣ ከኤክስኤል1-ብሉ ወይም ከጄኤም109 መውጣቱን ቱቦው ላይ ጻፉ። ሰው በሰጣችሁ ፕላዝሚድ አትጀምሩ። መጀመሪያ ራሳችሁ አባዙት።

ዝግጁ ኪት ካላችሁ ማፅዳቱም ማገናኘቱም በአንድ ላይ ነው። 1 ማይክሮሊትር የፒሲአር ምርት፣ 5 የኪቱ ባፈር (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ፈሳሽ)፣ 1 የኢንዛይም ድብልቅ፣ 3 ውሃ። 25 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ።

ኪት ከሌለ ለየብቻ ይሠራል። ዲፒኤን-ዋን ጨምሩና 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ የሚያልቅበት ጊዜ ነው፤ አትቸኩሉ። ከዚያ ምርቱን አጽዱት። ቀጥሎ ጫፎቹ ላይ ፎስፌት ለመጨመር ቲ4 ካይኔዝ በሊጌዝ ባፈር ውስጥ፣ 37 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ። በመጨረሻ ቲ4 ሊጌዝ ጨምራችሁ 16 ዲግሪ ላይ አሳድሩት። ፕራይመሮቹን ፎስፌት ተደርጎባቸው ካዘዛችሁ የካይኔዙን ደረጃ ትዘሉታላችሁ። የሊጌዝ ባፈር ውስጥ ለኢንዛይሙ ኃይል የሚሰጠው ኤቲፒ አለ። እየቀለጠና እየረጋ ከተመላለሰ ይበላሻል። ገና ሲመጣ በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት። ብዙ ጊዜ «ሊጌዙ ሞተ» የሚባለው ባፈሩ ሞቶ ነው።

ሴሉ ውስጥ ማስገባት

ተቀባይ ሴሎችን ከአዲስ አበባ አታስመጡ። ከ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ትንሽ ከፍ ባሉ ቁጥር ይዳከማሉ። ኢንዛይሞቹ ግሊሰሮል ውስጥ ስለሆኑ መንገዱን ይችላሉ፤ ሴሎቹ አይችሉም። እዚሁ አዘጋጁ። ዲኤች5 አልፋን አሳድጉ፤ የብርሃን መለኪያው 600 ናኖሜትር ላይ ከ0.3 እስከ 0.4 ሲያነብ በረዶ ላይ አውርዱት። በቀዝቃዛ 0.1 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ እጠቡት። በዚያው ፈሳሽ ላይ 15 በመቶ ግሊሰሮል ጨምራችሁ በ50 ማይክሮሊትር ከፋፍሉ። ከበረዶ እንዳይወጣ፣ በኃይልም እንዳይናጥ። የበረዶ ማሽን የላችሁም? የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዛችሁ ሰባብሩት፤ በቂ ነው።

የማስገቢያው ደረጃ፦ 5 ማይክሮሊትር ከድብልቁ ወደ 50 ማይክሮሊትር ሴል። ከዚያ አታብዙ። በረዶ ላይ 30 ደቂቃ። 42 ዲግሪ ላይ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ፤ በሰዓት ቆጥራችሁ። ተመልሶ በረዶ ላይ 2 ደቂቃ። ኤስኦሲ ወይም ኤልቢ (የባክቴሪያ ምግብ) ጨምራችሁ 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት። ከዚያ አምፒሲሊን ያለበት ፕሌት ላይ ዘርጉት። የፕላዝሚዳችሁ ጂኤፍፒ የሚበራው ማነቃቂያ ሲያገኝ ከሆነ፣ ለምሳሌ አራቢኖዝ፣ እሱም ፕሌቱ ውስጥ መኖር አለበት።

ኤልቢ አጋሩ ለአንድ ሊትር 10 ግራም ትሪፕቶን፣ 5 ግራም የእርሾ ጭማቂ፣ 10 ግራም ጨው፣ 15 ግራም አጋር ነው። አምፒሲሊን የሚገባው ጠርሙሱን በእጅ መያዝ ሲቻል፣ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም። በትኩሱ ከጨመራችሁት ይበላሻል። ፕሌቱን ከ18 ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ በትልልቆቹ ኮሎኒዎች ዙሪያ ደቃቃ የማይቋቋሙ ኮሎኒዎች ይበቅላሉ። ሌሊት መብራት ቢጠፋ ፕሌቱ አይሞትም። እድገቱ ብቻ ይዘገያል። ጠዋት ጠብቁት።

ሦስት ማነጻጸሪያዎችን አትዝለሉ። አንደኛ፣ ያው ፕላዝሚድ ያለ ፒሲአር፣ ከዲፒኤን-ዋን ጋር ብቻ። ኮሎኒ ከበቀለበት አሮጌው አልጠፋም ማለት ነው። ተማሪዋ ይህን አንድ ፕሌት ሠርታ ቢሆን ኖሮ በሁለት ቀን ታውቀው ነበር። ሁለተኛ፣ ያልተነካ ፕላዝሚድ፤ ሴሉ መሥራቱን ይናገራል። ሦስተኛ፣ ምንም ዲኤንኤ ያልገባበት ሴል፤ አንቲባዮቲኩ መሥራቱን ይናገራል።

ማረጋገጥ

ከሦስት እስከ አራት ኮሎኒ ምረጡ። በየራሳቸው አሳድጉ፤ ፕላዝሚዳቸውን አውጡ፤ ሴኩዌንስ አስደርጉ። የሴኩዌንስ ፕራይመሩ ከለውጡ ቢያንስ ከ50 እስከ 100 ቤዝ ይራቅ፤ የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች አይነበቡም። አንድ ንባብ 700 ቤዝ ያህል ጥሩ ፊደል ይሰጣል። ለውጧን ብቻ አይታችሁ አትቁሙ። ጂኑን በሙሉ አንብቡ። በተለይ ፕራይመሮቹ የተገናኙበትን ቦታ ተመልከቱ። ፕራይመር ሲሠራ አንድ ፊደል ሊዘለል ይችላል፤ እዚያ አንድ ፊደል የጎደለው ኮሎኒ ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

ምንም ኮሎኒ ካልወጣ መጀመሪያ ያልተነካውን ፕላዝሚድ ፕሌት እዩ። እሱም ባዶ ከሆነ ሴሉ ነው። እሱ ከበቀለ ጄሉን እዩ። ጄሉ ላይ መስመር ካለ ችግሩ ማገናኘቱ ላይ ነው፤ መስመር ከሌለ ደግሞ የመያዣውን ሙቀት በ3 ዲግሪ በ3 ዲግሪ እየቀየራችሁ ሞክሩ።

ከአንዲት ፊደል ሲያልፍ

ጀርባ ለጀርባ መንገድ ፊደል ለመቀየር ብቻ አይደለም። ቆርጦ ለማውጣት ሁለቱን ፕራይመሮች ከሚወጣው ክፍል ግራና ቀኝ አስቀምጡ። መሃሉ አይገለበጥም፤ ይቀራል። ለመጨመር አዲሶቹን ፊደሎች በፕራይመሩ አምስት-ፕራይም ጫፍ (የመነሻ ጫፉ) ላይ አንጠልጥሉ። ረጅም ከሆነ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው።

አንድ ቦታ ላይ ሁሉንም አሚኖ አሲድ መሞከር ለሚፈልግ ኤንኤንኬ ኮዶን አለ። ኤን ማለት ማንኛውም ፊደል፣ ኬ ማለት ጂ ወይም ቲ ነው። 32 ኮዶን ይወጣል፤ 20ውን አሚኖ አሲድ ይሸፍናል፤ የማቆሚያ ኮዶን አንድ ብቻ ይኖረዋል። 95 በመቶውን ለማግኘት የ32 ሦስት እጥፍ፣ 96 ኮሎኒ ያህል መልቀም ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌቱ ልክ ይሞላል።

ቦታውን ሳይመርጡ በዘፈቀደ መቀየር ከተፈለገ ያኔ ታክ ይጠቅማል። ማግኒዥየሙን ከፍ አድርጎ፣ ጥቂት ማንጋኒዝ ጨምሮ፣ አራቱን ኑክሊዮታይድ ሳያመጣጥኑ መስጠት ስህተቱን ያበዛዋል። ግን ይህን የሚሠራ ሰው የሚፈልገውን የሚለይበት ቀላል ፈተና አስቀድሞ ሊኖረው ይገባል። አለበለዚያ ሺህ ኮሎኒ ይዞ ይቀመጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት የተቋማችሁን የደኅንነት ኮሚቴ አነጋግሩ። አገሪቱ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 አላት። የተቀየረ ባክቴሪያ ያለበት ማንኛውም ነገር፣ ፕሌትም ፈሳሽም ጓንትም፣ አውቶክሌቭ ሳይገባ ከክፍሉ አይወጣም። ቦርከና የሁላችንም ወንዝ ነው።

ትክክለኛው ኮሎኒ ሲገኝ በዚያው ቀን 20 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ አድርጋችሁ ወደ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስገቡት። ሁለት ቱቦ አድርጉት፤ ከተቻለ በሁለት የተለያዩ ፍሪዘሮች። ቱቦው ላይ የጂኑን ስም፣ ለውጡን፣ ዝርያውንና ቀኑን ጻፉ።

ሰማያዊውን ስታዩት ከአረንጓዴው ደብዘዝ ያለ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ረጅም ሞገድ ባለው ዩቪ፣ የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ብርሃኑ ሥር ሲቆይ ቶሎ ይጠፋል። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ ሰው ጥሩ።